የአንገት ፊርማ

የቪሽኔቮ (ቡልጋሪያ) ማዘጋጃ ቤት ወጣቶችን በቪዲዮ ጨዋታ ለውትድርና የሚመለምለው ኮሚቴ
የዘጠነኛ መደበኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2025
ቦታ፦ የባህል ቤቱ ትንሹ አዳራሽ። (ትልቁ አዳራሽ ያፈሳል። የጣሪያው ገንዘብ የት እንደገባ በተራ ቁጥር 1 ይገኛል።)
ሰዓት፦ ለ10፡00 ተጠርቶ 10፡35 ተጀመረ።

የተገኙ አባላት፦
ኢንጂነር ስላቪ ካራጆቭ፣ ምክትል ከንቲባ፣ ሰብሳቢ
ጡረተኛ ኮሎኔል ቬሊዛር ዶንቼቭ፣ የውትድርና አማካሪ
ወይዘሮ ሩሳ ጌንቼቫ፣ ገንዘብ ያዥ
ባይ ፔንዮ፣ የጡረተኞች ክበብ ተወካይ (በአካል)
አባ ሜቶዲ፣ የቤተ ክርስቲያን ተወካይ (በካፖርት)

ሳይጠሩ የተገኙ፦ ዶክተር ዳፊና ዶብሬቫ፣ የከተማው ብቸኛ የጥርስ ሐኪም
ጸሐፊ፦ ራሊጻ ቺፔቫ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ። ድምፅ መስጠት አይፈቀድላትም። የኮሚቴውን ኮምፒውተር መክፈት የሚችል ሌላ ሰው ግን የለም።

ምልዓተ ጉባኤን በሚመለከት፣ ከሰባቱ አባላት አምስቱ መገኘት ሲኖርባቸው የተገኙት አራት ሆኑ። ኮሎኔሉ በአባ ሜቶዲ ወንበር ላይ የተሰቀለውን ካፖርት አሳይተው «ካፖርት ካለ ሰው አለ፤ በፌብሩዋሪ ብርድ ካፖርቱን ጥሎ የሚርቅ ቄስ አላየሁም» አሉ። ጸሐፊዋ ካፖርቱ ካለፈው ስብሰባ ጀምሮ እዚያው እንደነበረ ገለጸች። ረዥም ውይይት ከተደረገበት በኋላ፣ ካፖርቱ ከአንዳንድ አባላት የተሻለ የመገኘት ታሪክ ስላለው እንደ አባል እንዲቆጠር ተወሰነ።

አጀንዳዎቹ ሦስት ናቸው፦ የጨዋታው የሥራ ክንውን፣ የሰኞው አውቶቡስ አሸኛኘት፣ ልዩ ልዩ። ነገ የወይን መግረዣው የትሪፎን በዓል ስለሆነ ስብሰባው እንዲያጥር ሰብሳቢው አሳሰቡ። ወይኑ ግን ዛሬውኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

1. የጨዋታው የሥራ ክንውን

ሰብሳቢው ባቀረቡት ሪፖርት፣ የባህል ቤቱ ጣሪያ ማደሻና የመዋዕለ ሕፃናቱ ማሞቂያ በጀት ተደምሮ አራት መቶ ሺህ ሌቫ «ጀግናው» በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ላይ መዋሉን አስረዱ። ወይዘሮ ሩሳ፣ ሕፃናት በተፈጥሯቸው ስለሚሯሯጡ ማሞቂያ እንደማያስፈልጋቸው፣ ጣሪያው ደግሞ የሚያፈሰው ሲዘንብ ብቻ መሆኑን አክለው አብራሩ።

በጨዋታው ውስጥ ያለውን ጠላት ለመምረጥ አምስት ስብሰባ መፍጀቱም ተወስቷል። ቱርኮች ይሁኑ ሲባል የሱሪ ፋብሪካው ባለቤት ቱርክ ሆኑ። ግሪኮች ሲባል ሰብሳቢው በየዓመቱ ለዕረፍት የባሕር ዳርቻ ቤት የሚከራዩት ግሪክ ነው። ሰርቦች ሲባል ወይዘሮ ሩሳ «አማቼን በቦምብ?» ብለው አለቀሱ። ቀጥለውም፣ የአማቻቸውን ነገር ካሰቡበት በኋላ፣ ጉዳዩ ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ አሉ። በመጨረሻ ጠላቱ ጭጋግ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ጸድቆ ነበር። ስለዚህ ተጫዋቹ ለአርባ ደቂቃ ጭጋግ ላይ ይተኩሳል፤ ጭጋጉም እንደ ልማዱ ቆይቶ ይገፈፋል።

ኮሎኔሉ ቅሬታቸውን ለዘጠነኛ ጊዜ አስመዘገቡ። ይኸውም በጨዋታው ውስጥ ያለው ወታደር ማንንም ሳያስፈቅድ መሮጡ፣ ፀጉሩም ጆሮው ላይ መድረሱ ነው። እውነተኛ ውትድርና እንዲመስል የመጀመሪያው አንድ ወር ድንች በመላጥ ብቻ እንዲያልፍ ሐሳብ አቀረቡ። ጸሐፊዋ ድንች ሲላጥ ማን ይጫወተዋል ብላ ብትጠይቅ «እኔ ልጄ፣ እኔ እጫወተዋለሁ» አሏት።

ወደ ውጤቱ ሲገባ፣ ጨዋታው በባህል ቤቱ በተከፈተ በአንድ ወር ውስጥ ሃያ ሦስት ወጣቶች ለውትድርና መመዝገባቸው ተበሰረ። ሃያ ካልሞላ ከከተማው ዳር ያለው ጦር ሰፈር እንደሚዘጋ ሁሉም ያውቃል። ሰብሳቢው «ሃያ ሦስት!» የሚለውን ደጋግመው አነበቡት። ጭብጨባ ሆነ። ባይ ፔንዮ በጭብጨባው ነቅተው አብረው ካጨበጨቡ በኋላ ማን እንደሞተ ጠየቁ።

ለመዝገቡ ያህል፣ ምዝገባው የሚከናወነው እንዲህ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ አንድ መቶ አለቃ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይልና «አገርህን ታገለግላለህ?» ይላል። ካሜራው የተጫዋቹን ራስ ይመለከታል፤ የራሱን እንቅስቃሴ አይቶ ይመዘግባል። ወጣቱ ብዕር መያዝ ስለረሳ የአንገት እንቅስቃሴ እንደ ፊርማ እንዲቆጠር ይኸው ኮሚቴ በሦስተኛ ስብሰባው ወስኗል።

2. የሰኞው አውቶቡስ አሸኛኘት

ሰኞ ጠዋት አዲስ ምልምሎችን የሚወስድ አውቶቡስ አደባባዩ ላይ እንደሚቆም፣ የአውራጃው ገዥም ከማርሽ ባንድ ጋር እንደሚመጡ ተገለጸ። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ሩሳ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከሃያ ሦስቱ ሃያ ሁለቱ መጥሪያው በደረሳቸው ማግስት ጀርመን ለመጋዘን ሥራ መሄዳቸውን አሳወቁ።

ሰብሳቢው «ሁሉም?» አሉ።

«አንድ ሲቀር። ኦግንያን ዶብሬቭ አለ፤ የዶክተሯ ልጅ።»

«አውቶቡሱ ስንት ወንበር አለው?»

«ሃምሳ።»

ሰብሳቢው፣ ቁጥር ማለት አመለካከት መሆኑን ጠቅሰው፣ ኦግንያን ተሳፍሮ በየመስኮቱ እየተዘዋወረ እጁን እንዲያውለበልብ ሐሳብ አቀረቡ። ኮሎኔሉ በየመስኮቱ ባርኔጣ እንዲቀያይር አሻሻሉት። ሐሳቡ ከነማሻሻያው ጸድቆ ባርኔጣ እንዲያሰባስቡ ባይ ፔንዮ ተወከሉ። ባይ ፔንዮ እንደገና ተኝተው ስለነበር ውክልናውን አልተቃወሙም።

ዶክተር ዳፊና ዶብሬቫ የገቡት ይህ ጸድቆ ሳያበቃ ነው። ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ነበር። ሰብሳቢው ስብሰባው ዝግ መሆኑን ቢያስታውሱም፣ ዶክተሯ «እኔም ክሊኒኬን ዘግቼ ነው የመጣሁት፤ እኩል ነን» ብለው የአባ ሜቶዲን ካፖርት ወደ ጎን አድርገው ተቀመጡ። ኮሚቴው ምልዓተ ጉባኤው እንዳይፈርስ በመስጋት ካፖርቱን ባይ ፔንዮ ጭን ላይ አኖረው።

ዶክተሯ ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። ልጃቸው ኦግንያን ለውትድርና አልተመዘገበም። ሰኞ ሶፊያ ላይ የአሻንጉሊት ቲያትር ለመማር የመግቢያ ፈተና አለው፤ ፈተናው በዓመት አንድ ቀን ነው። ልጁ ባህል ቤት የገባው ዝናብ ሊያሳልፍ ነው። ያቺ ሣጥን ስትጠይቀው እምቢ ብሏል።

ኮሎኔሉ «ወንድ ልጅ በአሻንጉሊት ሊጫወት?» አሉ።

ዶክተሯ «እናንተ ዘጠኝ ስብሰባ ሙሉ በምን ስትጫወቱ ነበር ጌታዬ?» ሲሉ መለሱ። ሰብሳቢው ይህ እንዳይመዘገብ አዘዙ። ትዕዛዙ ተመዝግቧል።

ሰብሳቢው፣ ማሽኑ የቀረጸው ምስል መኖሩንና ልጁ አንገቱን ሁለት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀንቅ በግልጽ እንደሚታይ ገልጸው «በራሱ ፈቃድ ነው የገባው» አሉ።

«በራሱ አይደለም፣ በአንገቱ ነው! ስላቪ፣ አንተ ሰው፣ ከየት አገር ነህ? ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ እኮ እምቢ ነው! አባቴ እንደዚያ ነው እምቢ የሚለው። አያቴም እንደዚያው። አንተስ ለአራት ዓመት የዚህን ቤት ጣሪያ ስንለምንህ እንዴት ነበር የምትነቀንቅልን?»

ሰብሳቢው በልማድ ያንኑ ነቀነቁ።

ኮሚቴው ነገሩን ሲያጤነው፣ ማሽኑን የሠሩት የሆላንድ ሰዎች መሆናቸው፣ በእነሱ ዘንድም ወደ ላይና ወደ ታች ማለት እሺ፣ ግራና ቀኝ ማለት ደግሞ እምቢ መሆኑ ታወቀ። ስለዚህ የተመዘገቡት ሃያ ሦስቱ በሙሉ እምቢ ያሉ ናቸው። በተቃራኒው አራት ወጣቶች ከልባቸው ወታደር ለመሆን ፈልገው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ቢወዘውዙ ማሽኑ በከሃዲነት መዝግቧቸዋል። አንደኛዋ፣ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር አትነጋገርም።

ወይዘሮ ሩሳ «እንዴት አስቀድመው አይጠይቁንም?» አሉ። ጠይቀዋል። ሆላንዶቹ ከርክክቡ በፊት በቪዲዮ ደውለው፣ የራስ አነቃነቁን ወደ አገሩ ልማድ እንቀይርላችሁ ወይ ብለው ነበር። ያኔ መልስ የሰጡት ሰብሳቢው ናቸው። በምን ምልክት እንደመለሱ ተጠየቁ።

ሰብሳቢው «ለባዕድ ሰው በባዕድ ደንብ መመለስ ጨዋነት ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቅኩላቸው። እሺ፣ ቀይሩልን ማለቴ ነው» ብለው አስረዱ። ሆላንዶቹ ግን እነሱም ጨዋ ሆነው ስለ ቡልጋሪያ አንገት አስቀድመው አጥንተው ነበርና፣ እምቢ ተባልን ብለው እንዳለ ተዉት። ሁለቱ ወገኖች በጨዋነት ተላልፈዋል።

ጸሐፊዋ ሰብሳቢው በአፋቸው «አዎ» ለማለት ምን እንደከለከላቸው ለማወቅ ፈቃድ ጠየቀች። ሰብሳቢው በዚያን ዕለት ጥርሳቸውን ለማደንዘዝ ራኪያ የተባለውን አረቄ በአፋቸው ይዘው እንደነበር፣ መዋጥም መትፋትም ለመንግሥት ሥራ የማይመጥን መስሎ እንደታያቸው ገለጹ። ኮሎኔሉ ራኪያው የወይን ነው ወይስ የፕሪም ሲሉ ጠየቁ። የፕሪም መሆኑ ተረጋግጦ ጉዳዩ ተዘጋ።

የኦግንያን ስም ይሰረዝ የሚለው ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ። ሰብሳቢውና ወይዘሮ ሩሳ ተቃወሙ፤ ልጁ ከወጣ ሃያ ሦስት ዜሮ ይሆናል፣ ገዥውም ባዶ አውቶቡስ ይሸኛሉ። ኮሎኔሉ ደገፉ፤ «እምቢ ያለ ወታደር አይጠቅመኝም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አይቼዋለሁ» ብለዋል። ባይ ፔንዮ ሲንጠራሩ እጃቸው ስለተነሣ እንደ ድጋፍ ተቆጠረ። ሁለት ለሁለት ሲሆን ዶክተር ዳፊና የካፖርቱን እጅጌ ወደ ላይ አነሡ። ሰብሳቢው ካፖርት ለመገኘት እንጂ ድምፅ ለመስጠት አልተወከለም ብለው ውድቅ አደረጉት፤ የሰብሳቢነት ድምፃቸውንም ጨምረው ሐሳቡን ጣሉት።

ዶክተሯ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስላቪ፣ የጀመርኩልህ መንጋጋ ውስጥ ያለው ጥጥ ብቻ ነው። ማክሰኞ ነው የምጨርስልህ። ልጄ ሰኞ ከተሳፈረ፣ ማክሰኞ የሚባል ቀን የለህም» አሉ።

ሰብሳቢው ጉንጫቸውን ይዘው፣ መንግሥት በጥርስ እንደማይንበረከክ አስታወቁ። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። የዶክተሯም እንደዚያው።

3. ልዩ ልዩ

ኮሎኔሉ ማሽኑ እውነት ከሃዲና ጀግና የማይለይ እንደሆነ በራሳቸው ላይ ለመሞከር ተነሡ። መነጽራቸውን አድርገው አርባ ደቂቃ ጭጋግ ተኮሱ። ኮሚቴው በዚህ ጊዜ በወይኑ ላይ ተወያየ። መቶ አለቃው ስክሪኑ ላይ ብቅ ብሎ «አገርህን ታገለግላለህ?» ሲል ኮሎኔሉ ብድግ ብለው፣ ሰላምታ ሰጥተው፣ ራሳቸውን ግራና ቀኝ በኩራት ወዘወዙ፤ ማሽኑ ደግሞ ቢጠይቃቸውም ያንኑ ደገሙ። ማሽኑም «ያሳዝናል። አገር የሚወዱ ሌሎች አሉ። በሩ በስተግራህ ነው» አላቸው።

ኮሎኔሉ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ «ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገልኩ እኮ ነኝ» አሉ፤ ለማሽኑ። ጸሐፊዋ ወንበር አቀረበችላቸው። ማሽኑ በጦር ፍርድ ቤት እንዲቆም ያቀረቡት ሐሳብ ደጋፊ በማጣቱ ለቀጣይ ተላልፏል።

ሰብሳቢው ይህ የማሽኑ ጥፋት ሳይሆን የጥንቃቄ ጉድለት ነው አሉ። የተማረ ሰው የሆላንድን ደንብ አውቆ በሆላንድ ደንብ እምቢ ማለት ይችላል፤ ኦግንያንም ቢፈልግ ይችል ነበር። ይህንንም በተግባር ለማሳየት ጭጋጉን ዘልላ በቀጥታ ወደ ጥያቄው እንድታስገባቸው ጸሐፊዋን አዘዟት። ጸሐፊዋ ሁለት ጊዜ «ጋሼ ይቅርብዎ» ብላለች። ይህም ተመዝግቧል።

መቶ አለቃው «አገርህን ታገለግላለህ?» አለ። ሰብሳቢው ጣታቸውን አንሥተው «እዩ እንግዲህ» ካሉ በኋላ ራሳቸውን ግራና ቀኝ በጥንቃቄ አንቀሳቀሱ። መቶ አለቃው እምቢታውን ተቀበለ። ሰብሳቢው ወደ ኮሚቴው ዞረው ፈገግ አሉ።

ማሽኑ ግን እምቢ ያለን ሰው አንዴ ደግሞ የመለመን ልማድ አለው። «አገርህን ጭጋግ ሲውጣት ቆመህ ታያለህ? ፈርተህ ከሆነ ተናገር። ና፣ ተነሥ! ትመጣለህ?»

«አልመጣም አልኩህ እኮ!» አሉ ሰብሳቢው ተቆጥተው፤ ምላሳቸውን «ጭ!» አድርገው ራሳቸውን ሦስት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቁ። የሆላንዱን ደንብ የተማሩት ከአንገት በላይ ነበርና፣ ንዴት ሲመጣ አንገት የአባቱን አደረገ።

ሰማያዊ መብራት በራ። ባንድ ተሰማ። ማሽኑ ኢንጂነር ስላቪ ካራጆቭን፣ የ61 ዓመት ጎልማሳ፣ በፓራሹት ዘላይነት መመዝገቡን፣ ሦስት ጊዜ ስለተስማሙም ሦስት ተከታታይ ኮንትራት እንደተሰጣቸው አበሰረ። ሰኞ ጠዋት፣ አደባባዩ ላይ። ጠያቂ ሳይኖር የጫማ ቁጥራቸውንም ገመተ፤ ልክ ነበር።

ባይ ፔንዮ ነቅተው «ስላቪ ልጄ፣ ከፍታ ያዞርህ የለም እንዴ? ባለፈው ከቼሪው ዛፍ ያወረድንህ በመሰላል አይደለም?» አሉ።

በዚህ ኮሚቴ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአጭር ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦ የአንገት እንቅስቃሴ ፊርማ አይደለም፤ ሆኖም አያውቅም። በአንገት የተመዘገበ ሁሉ ተሰርዟል። ኮሎኔሉ «በአንገት የተሰደበስ?» ሲሉ ጠየቁ። እሱም ተሰርዟል። ይህ በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ስለጠየቁ ጸሐፊዋ ወዲያው ጻፈችላቸው፤ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

የኦግንያንም ስም በዚሁ ተሰርዞ፣ ሰብሳቢው 12፡05 ላይ በእጃቸው፣ በብዕር፣ ፈርመው ማኅተም አደረጉበት። ወረቀቱን ዶክተር ዳፊና ወሰዱት። 12፡10 ሆኖ ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ሲተነፍሱበት ቆዩ።

ከዚያ ወይዘሮ ሩሳ መናገር ጀመሩ። ምልምሎቹ ከተሰረዙ የጨዋታው ውጤት ዜሮ ነው። ውጤቱ ዜሮ ከሆነ ኦዲተር ይመጣል፤ ኦዲተር ከመጣ ጣሪያውን ይጠይቃል፤ ከጣሪያው ወደ ማሞቂያው ይወርዳል፤ «ከማሞቂያው ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ።» መፍትሔ ሲባሉም፣ ያልነበረ ኮሚቴ ኦዲት እንደማይደረግ ጠቆሙ። ቄሱ በካፖርት ተቆጥረው የተካሄደ ስብሰባ ሕጋዊ መሆኑም ያጠራጥራል።

ረዥም ውይይት ከተደረገ በኋላ ኮሚቴው ከመጀመሪያ ስብሰባው ጀምሮ እንዳልተቋቋመ፣ እንዳልተሰበሰበ፣ አንዳችም ነገር እንዳልወሰነ፣ የዛሬውንም ጨምሮ እንዲቆጠር ተወሰነ። አባላቱ በደስታ ካፖርታቸውን ማንሣት ጀመሩ።

ዶክተር ዳፊና በሩ ላይ ቆሙ። «ቆዩ እስቲ። መጥሪያው ቤቴ ነው ያለው፤ ዛሬ ካልተሰበሰባችሁ ልጄን ማን ሰረዘው?»

 ኮሎኔሉ በዝግታ ደረት ኪሳቸውን ዳሰሱ።

ሰብሳቢው ሕግ ወደ ኋላ ሲሄድ በመንገዱ ያለውን ሁሉ እንደሚጠርግ፣ ሳይወዱ በግድ ልጁንም እንደሚጠርግ ሊያስረዱ ሞከሩ። ዶክተሯ «እንግዲያው ሕጉ ሲጠርግ እግሩን ያንሣ» አሉ። «አንድ ልጅ ነው ያለኝ። አሥራ ስምንት ዓመት እናቴ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ካልሲ በእጁ አጥልቆ እያናገረ ነው ያደገው። ሰኞ ሰው ፊት ቆሞ ካልሲውን ያናግረዋል። ካልዘለላችሁት ከዚህ በር አልወጣም፤ እናንተም አትወጡም።»

በሩ ጠባብ ነው፤ ዶክተሯ ጠባብ አይደሉም። ጸሐፊዋ፣ ወረቀቱ የተፈረመበትና ቀለሙ የደረቀበት ሰዓት አስቀድሞ በዚሁ ቃለ ጉባኤ ላይ ስለሰፈረ፣ እሱን መጠቀም እንደሚቻል በትሕትና አመለከተች። በዚህም መሠረት የመጨረሻው ውሳኔ እንደሚከተለው ተሻሽሎ፣ በአንገት ሳይሆን በእጅ፣ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፦

«ኮሚቴው ከተቋቋመበት ዕለት ጀምሮ እስካሁን የወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ፣ ኮሚቴውም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ዛሬ ከ12፡05 እስከ 12፡10 ባለው ጊዜ ውስጥ ነበረ።»

ኮሎኔሉ የእሳቸው ወረቀት በስንት ሰዓት እንደተጻፈ ጸሐፊዋን ጠየቁ። ጸሐፊዋ 12፡06 ላይ መሆኑን አስታወሰች።

ያልተካሄደው ስብሰባ 12፡40 ላይ ተበተነ። የቪሽኔቮ ኮሚቴ በአጠቃላይ የኖረው አምስት ደቂቃ ሲሆን፣ በዚያችም አንድ ልጅ ለፈተናው እንዲደርስ አድርጓል። ሌላ ሥራ አልሠራም።